ላፕቶፕ ከመግዛታችን በፊት ሥራችንን እንጻፍ

(በማህበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ላፕቶፕ ምርጫ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ከኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመርቄ የምተዳደረው በዚያው ሙያ ነው። መኪና ለልብስ ሰፊ፣ ምጣድም ለእንጀራ ጋጋሪ እንደሆነው ሁሉ ላፕቶፕም ለእኔ የሥራ ዕቃ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ ማሽኑ ውበት ሳይሆን ስለ ሥራው፣ ስለ ዋጋውና ስለሚያመጣው ጣጣ ነው።

እንደምታውቁት ማህበራችን የቁጠባና የብድር መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ወስኗል። ገንዘቡ ከፊሉ ከእኛው ቁጠባ፣ ከፊሉ ከደጋፊዎቻችን የሚመጣ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችሁ በየግላችሁ «የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ምን ልትሠሩበት ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገበያ ስንገባ የምንጠየቀው ስለ ሥራችን አይደለም። «ስንት ብር ይዘሻል?» ነው የምንባለው። ከዚያ በያዝነው ብር ልክ አንድ ላፕቶፕ ይወጣልናል። በሥራችን ልክ ግን አይደለም። አንዳንዷ የማያስፈልጋትን ትከፍላለች፤ አንዳንዷ ደግሞ የሚያስፈልጋትን ሳታገኝ ትቀራለች።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክርቢቶ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ። በላፕቶፑ በየቀኑ፣ በየሳምንቱና በየወሩ የምትሠሩት ምንድን ነው? የት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት፣ ቤት ነው፣ ቢሮ ነው ወይስ እየተዘዋወራችሁ? ከእናንተ ሌላ ማን ይጠቀምበታል? ስንት ዓመት እንዲያገለግላችሁ ትፈልጋላችሁ? ይህ ወረቀት ከማንኛውም ሻጭ ምክር ይበልጣል።

በአባሎቻችን መካከል ያለውን ፍላጎት ሳየው አምስት ዓይነት ሆኖ አገኘዋለሁ።

የመጀመሪያዋ የሰፌድና የመሶብ ወይም የቡና ንግድ ያላት እህታችን ናት። የምትሠራው ፎቶ አንስቶ ለደንበኛ መላክ፣ ስልክ መደወል፣ በቴሌብር ገንዘብ መቀበልና መላክ ነው። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ ያልቃል። ለእሷ ላፕቶፕ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ያንን ገንዘብ በሸቀጥ ላይ ብታውለው ይሻላታል። «ላፕቶፕ አያስፈልግሽም» የሚለውም ትክክለኛ መልስ መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛዋ ጸሐፊያችን ናት። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ስም ዝርዝርና ቀላል የኤክሴል ሠንጠረዥ ትሠራለች። ለዚህ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ጥሩ ሆኖ የተያዘ አሮጌም ቢሆን፣ ይበቃል።

ሦስተኛዋ ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ብዙ ወረቀት ያለው ኤክሴልና እንደ ፒችትሪ ያለ የሒሳብ ፕሮግራም ትጠቀማለች። የእሷ ማሽን መፍጠን ብቻ ሳይሆን መታመን አለበት።

አራተኛዋ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላት እናት ናት። እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው፦ ልጁ የትምህርት ክፍሉን ሳያውቅ አትግዙ። የምህንድስናና የሥነ ሕንጻ ተማሪ እንደ አውቶካድ ያሉ ከባድ ፕሮግራሞች ይጠብቁታል። የቋንቋ፣ የሕግ ወይም የማኔጅመንት ተማሪ ግን በመካከለኛ ማሽን ይማራል። ምደባው እስኪታወቅና ልጁ የትምህርት ክፍሉን እስኪጠይቅ መጠበቅ ብዙ ብር ያድናል።

አምስተኛዋ ፎቶና ቪዲዮ የምታቀናብር ወይም የግብዣ ካርድና ባነር የምትሠራ ወጣት ናት። ከሁሉም ጠንካራ ማሽን የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች

ሻጩ ብዙ ቁጥር ይዘረዝርላችኋል። እናንተ ሦስቱን ያዙ።

አንደኛው ራም ነው። ላፕቶፑን እንደ ማድ ቤት አስቡት። ራም ምግብ ስንሠራ ዕቃ የምንዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን ለማስቀመጥ ሌላውን ማንሣት ግድ ነው፤ ማሽኑ የሚንቀራፈፈውም ለዚህ ነው። ዛሬ 4 ጊጋ ባይት ይጠባል። ለጸሐፊም ለሒሳብ ሠራተኛም 8 ጊጋ ይበቃል። ለቪዲዮና ለምህንድስና 16 ጊጋ ይሁን። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ራም ኋላ ሊጨመር ይችላል፤ በአንዳንድ ቀጫጭኖች ላይ ግን ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ አይጨመርም። ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛው ማከማቻው ነው። ይህ ጓዳው ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አዲሱ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በፍጥነት ረገድ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ለእኛ ግን ከፍጥነቱ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ፦ ላፕቶፑን በባጃጅ ወይም በብስክሌት ይዘን ስንሄድ ይናጣል። የሚሽከረከረው ዲስክ በሥራ ላይ እያለ ከተመታ ሊበላሽና መዝገባችንን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው፣ 1,000 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ካለው ይሻለናል። የቁጠባ መዝገብ ቦታ አይፈጅም፤ ቦታ የሚፈጀው ፊልም ነው።

ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «ኮር አይ 7 ነው» ሲባል ሁላችንም ከኮር አይ 5 እና ከኮር አይ 3 ይበልጣል ብለን እንቀበላለን። ግን ስንተኛ ጀነሬሽን ነው? በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ 2ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 7፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ከወጣ 11ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 3 ያንሳል። ስሙ ትልቅ ነው፤ ጉልበቱ ግን አርጅቷል። ጀነሬሽኑን ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 8250 ከሆነ 8ኛ ነው፤ 10210 ከሆነ 10ኛ፤ 1135 ከሆነ 11ኛ ነው።

የጀነሬሽኑ ጉዳይ ዘንድሮ ይበልጥ ይመለከተናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች የማይቀበለውን ማሽን እያወጡ ነው። ከዚያ የሚወጣው ዕቃ መጨረሻው እንደ እኛ ያለ ገበያ ነው። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» የሚለውም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መመዘኛውን አልፎ በዘዴ መጫን ይቻላልና። ማስረጃው የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው።

ባሕር ዳር የሚፈልገው ላፕቶፕ

ማሽኑ የሚሠራው በእኛው ከተማ ስለሆነ በከተማችን ዓይን እንየው።

መጀመሪያ መብራት። ጢስ ዓባይ ከጎናችን ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያም 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንዲያም ሆኖ መብራት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። በተለይ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን መርሳት የለባትም። የበጀት ዓመታችን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። ሒሳብ የምንዘጋው ክረምቱ ገብቶ ነጎድጓድ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የላፕቶፕ ባትሪ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ቢያንስ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ባትሪ እንፈልጋለን። ባትሪው በቀላሉ የሚቀየር ቢሆን መልካም ነው። በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ አቅም ካለው ፓወር ባንክም ኃይል መውሰድ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ ነው።

ቀጥሎ ሶኬት። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ላፕቶፕ ጠፍጣፋ ሶኬት አለው። እኛ ጋ ያለው 220 ቮልት ነው። በቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካለ ማሽኑ ችግር የለበትም፤ የሶኬት መቀየሪያ ወይም የእኛ ዓይነት ገመድ ብቻ ይበቃዋል። በየቦታው በላላ ዲቫይደር ላይ መሰካት ግን ይቅር፤ ብልጭ ድርግም ሲል ቻርጀሩን ይጎዳዋል።

ሦስተኛ እርጥበትና አቧራ። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ክረምት ላይ ልብስ እንኳ እንደሚሸት ታውቃላችሁ። ላፕቶፑን ምንጣፍ ላይ ወይም በታሰረ ፌስታል ውስጥ አታሳድሩት። በጋ ላይ ደግሞ አቧራው ማራገቢያውን ይደፍነዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ከፍቶ እንዲያጸዳው አድርጉ። ማታ መስኮት ከፍታችሁ ስትሠሩ የስክሪኑ ብርሃን ትንኝ ይጠራል፤ መጋረጃ ይኑር።

አራተኛ ኢንተርኔት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንረሳም። ስለዚህ የማህበራችን መዝገብ ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ በሚከፈት ነገር ላይ መመሥረት የለበትም። ክሮምቡክ የሚባለው ላፕቶፕ ርካሽና ቀላል ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጥቅሙን የሚሰጠው ከኢንተርኔት ጋር ሲሆን ማከማቻውም አነስተኛ ነው። ለተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ መዝገብ ግን አይሆንም።

አማርኛና ፒችትሪ

አሁን ሻጩ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። በአገራችን ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት ፒችትሪ፣ አሁን ሴጅ 50 በሚባል ስም የሚሸጠው ማለት ነው፣ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። በአፕል ማክም በክሮምቡክም ላይ በቀጥታ አይጫንም። ማክ ጥሩ ማሽን ነው፤ ለቪዲዮ ሥራ ብዙዎች ይወዱታል። ለሒሳብ ሥራችን ግን ከሥራው ጋር አይገጥምም። ፕሮግራሙን ሳይጠይቁ ማሽን መግዛት ኩንታሉን ሳይለኩ ማዳበሪያ ጆንያ እንደመግዛት ነው።

አማርኛውንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ጻፉበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት አሮጌ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ወዳልተጫነበት ኮምፒውተር ሲሄድ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በስልክም፣ በላፕቶፕም፣ በሌላ አገር ባለ ማሽንም ያው አማርኛ ነው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ አለው። ቃለ ጉባኤያችን ከአሥር ዓመት በኋላም እንዲነበብ ከፈለግን በዩኒኮድ ብቻ እንጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ውድ ላፕቶፕ ገዝተን እንኳ የማይፈታልን አለ። ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ ጳጉሜንንም አያውቃት። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ለእሱ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም። ሰኔ 5ን 5/10 ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ዝም ብሎ የእነሱን ኦክቶበር ያደርገዋል። የብድር መመለሻ ቀን የሚዛባው እንዲህ ነው። መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው። ለሥልጠና ገንዘብ ሳንመድብ ለማሽን ብቻ አንመድብ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ የተነሣ አብዛኞቻችን የምናየው ያገለገለውን ነው። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ለድርጅት ተብለው የሚሠሩት እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲትዩድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ያሉት ያገለገሉ ሆነውም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ናቸው፤ ለመጠገንም ያመቻሉ። አሮጌ ቶሺባ የምትወዱ ግን አስቡበት። ቶሺባ በ2020 እ.ኤ.አ. ከላፕቶፕ ሥራ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል።

ያገለገለ ስትገዙ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ በሉ። ግማሽ ሰዓት የማይሰጥ ሻጭ ጋ አትግዙ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚከተለውን አድርጉ።

ባትሪው 100 ሲሞላ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱ። በግማሽ ሰዓት ወደ 70 ከወረደ፣ 30 በመቶ በ30 ደቂቃ ስለሄደ፣ ሙሉው የሚቆየው አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ማውጣት ይችላል፤ ሻጩ ያውጣላችሁ። ሲመረት 50,000 ተብሎ አሁን የሚይዘው 30,000 ከሆነ የቀረው 60 በመቶ ነው። ይህ ዋጋ ለመከራከር ይጠቅማችኋል።

ቪዲዮው እየሄደ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ንኩ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መኖሩን እዩ። ክዳኑን ከፍታችሁ ዝጉ፤ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ይታወቃል። ፍላሽ በየቀዳዳው ሰኩ። ካሜራውን፣ ድምፁንና ዋይፋዩን ሞክሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነትና የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። በመጨረሻ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት። ሲነሣ የማታውቁትን የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወይም የማታውቁት የውጭ ድርጅት ስም ከመጣ ተዉት። የሌላ ድርጅት ንብረት ሆኖ የተቆለፈ ማሽን አንድ ቀን ከእጃችሁ ላይ ሊዘጋ ይችላል።

ስክሪኑን ከጎንም ተመልከቱት። በኮሚቴ ስንሠራ አራት አምስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ነው የምናየው። አንዳንዱ ስክሪን ከፊት ብቻ ይታያል፤ ከጎን ሲያዩት ይጠቁራል። ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች ያሉት ባለ 15.6 ኢንች ይመቻል። ተዘዋውራ ለምትሠራ 14 ኢንች ይቀላል፤ የቁጥር ቁልፉን ለብቻው ገዝታ መሰካት ትችላለች።

ለማህበር የሚገዛ ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይኑረው። በደረሰኙ ላይ የማሽኑ መለያ ቁጥር ይጻፍ። ዋስትናውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ያለ ደረሰኝ ሲገዛ የሚቀንሰው ዋጋ ኋላ ኦዲተር ፊት ያስከፍላል።

ዋጋውን በዓመት አካፍሉት

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ደንብ ለኮምፒውተር በቀጥተኛ ዘዴ በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ይህም አምስት ዓመት ማለት ነው። እኛም ላፕቶፕ ስንገዛ «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «በዓመት ስንት ያወጣናል?» እንበል።

ምሳሌ ልስጥ። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንደኛው ላፕቶፕ 30,000 ብር ነው። አርጅቷል፤ ወዲያው የ6,000 ብር ባትሪ ይፈልጋል፤ የሚያገለግለውም ሁለት ዓመት ነው እንበል። ድምሩ 36,000 ብር፣ በዓመት 18,000 ብር ነው። ሁለተኛው 48,000 ብር ነው። በመካከሉ የ7,000 ብር ባትሪ ቢቀየርለት አምስት ዓመት ያገለግላል እንበል። ድምሩ 55,000 ብር፣ በዓመት 11,000 ብር ነው። በሱቁ ውስጥ በ18,000 ብር የረከሰው በቤታችን በየዓመቱ 7,000 ብር ይወደዳል።

ይህን በእኛ ቋንቋ እናስበው። 20 አባላት ያሉት ቡድን በሳምንት 50 ብር ቢቆጥብ በሳምንት 1,000 ብር ነው። ያ ርካሽ የተባለው ማሽን የ36 ሳምንት የቡድን ቁጠባ ነው። ከዚህ ቁጠባ ውስጥ ለአንዲት እናት የምጣድ፣ ለሌላዋ የዶሮ መኖ ብድር ይወጣ ነበር። ላፕቶፕ ስንመርጥ እጃችን ላይ ያለው ይህ ገንዘብ ነው።

ከገዛን በኋላ

እህቶቼ፣ ላፕቶፕ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ በገንዘብ ይተካል። «ከቁጠባዬ ስንት አለኝ?» ብላ ለጠየቀች እናት መልስ ካጣን ግን የሚጠፋው እምነት ነው። እሱን የሚሸጥልን ሱቅ የለም።

ስለዚህ መዝገቡ በሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ በላፕቶፑ፣ አንዱ በሌላ አባል ቤት በሚቀመጥ ውጫዊ ዲስክ፣ አንዱም ኢንተርኔት ሲኖር በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ። ሁለቱን በአንድ ቦርሳ የያዘ ሰው አንድ እንደያዘ ይቆጠራል። በየሳምንቱ ቁጠባ በሰበሰብንበት ቀን ቅጂው ይታደስ። በየወሩ ደግሞ የእያንዳንዷ አባል ቀሪ ሒሳብ ታትሞ ይፈረምበት። ወረቀት መብራት አይፈልግም። ደብተሩንም ወዲያው አንተወው፤ ለስድስት ወር ጎን ለጎን እንያዝና ሁለቱ እኩል መምጣታቸውን እናረጋግጥ።

ማሽኑን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ለየአንዳንዱ የራሱ መግቢያና የይለፍ ቃል ይሰጠው። የምትመዘግበዋና የምትቆጣጠረዋ የተለያዩ ይሁኑ። የማንም ፍላሽ ሳይፈተሽ አይሰካ፤ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞረውን የሾርትከት ቫይረስ ታውቁታላችሁ። የማህበሩ ላፕቶፕ የልጆች መጫወቻ አይሁን። ለኤክሴል ፈቃድ የምንከፍለው ካጣን ሊብሬኦፊስ የሚባል በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ የኤክሴልን ፋይል ይከፍታል፤ አማርኛም ይጽፋል።

ለደጋፊዎቻችን

ከሩቅ ሆናችሁ ለምታስቡልን ወዳጆቻችን ከትልቅ ምስጋና ጋር አንድ ልመና አለን። ላፕቶፕ ልትልኩልን ስታስቡ አስቀድማችሁ ዝርዝራችንን ጠይቁን። ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ የሆነ፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው፣ ቻርጀሩ አብሮት የሆነና የድርጅት ቁልፍ የተነሣለት አንድ ማሽን፣ ባትሪያቸው ከሞተ አምስት ማሽኖች ይልቅ ይጠቅመናል። የግል መረጃችሁን አጥፍታችሁ ላኩት። የጉምሩኩን ሥርዓትም አስቀድመን አብረን እንጠይቅ። ለማሽን ከምታስቡት ላይ ጥቂቱን ለሥልጠናና ለባትሪ መቀየሪያ ብታደርጉት ደግሞ ስጦታችሁ ዕድሜ ያገኛል።

ንግግሬን በሦስት ሐሳብ ልቋጭ። አንደኛ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቡድን በኮምፒውተር ሊሠራው የሚፈልገውን በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ። ሁለተኛ፣ በዚያ ዝርዝር መሠረት ከሦስት ሻጮች ዋጋ ይሰብሰብ፤ ሲወዳደርም በዓመት ተካፍሎ ይታይ። ሦስተኛ፣ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ወጣት አንዷ በዕድሜ የገፋች፣ ማሽኑ ሳይገዛ ሥልጠና ይጀምሩ። በመለማመጃነት የእኔን ላፕቶፕ ቅዳሜ ከሰዓት አመጣለሁ።

ወር ሁለት ወር ብንዘገይ የሚያልፈን ነገር የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዳይሆንብን ረጋ ብለን እንምረጥ።

 ጥያቄ ካላችሁ እቀጥላለሁ።